ጋቢ አጥንት የለውም

ጌም ውስጥ የሚራመድ ሰው ከሦስት ነገር ይሠራል። አንደኛው ቅርጹ ነው፤ በብዙ ሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ውስጡ ባዶ ገላ። ሁለተኛው ቴክስቸሩ ነው፤ ገላው ላይ የሚለበጠው ሥዕል። ቆዳው፣ ልብሱ፣ የዓይኑ ብሌን ሳይቀር ሥዕል ነው። ሦስተኛው አጥንቱ ነው። እግር ሲነሳ፣ እጅ ሲወዛወዝ፣ አንገት ሲዞር ገላውን ይዞት የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው።

አጥንቶቹ የተሠሩት ሱሪና ሸሚዝ ለለበሰ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልብስ ገላን ተከትሎ ይሄዳል፤ ክንድ በሄደበት እጅጌው ይሄዳል። የኛ ሰው ግን ጋቢ ይለብሳል። ጋቢ ገላን አይከተልም። ይደረባል፣ ይንጠለጠላል፣ ትከሻ ላይ ይጣፋል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይሰበሰባል። ያልተሰፋ ልብስ ነው። አንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ሰው ላይ ሲያርፍ ልብስ ይሆናል። ይህን ጨርቅ አጥንት ብቻ በሚያውቅ ጌም ውስጥ ማስገባት ሥራዬ ከሆነ ቆይቷል። ስለዚህ ሥራ በደንብ የሚያወራኝ ሰው ስላላገኘሁ ልጻፈው ብያለሁ።

የምሠራው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ለሚባለው ጌም ነው። ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004፣ ለኮምፒውተር ደግሞ በ2005 ነው። «ምነው በዚህ ዘመን?» የሚሉኝ አሉ። ጌም ቤት ደጃፍ ተራ ጠብቆ ያደገ የኔ ዘመን ሰው ሁሉ የጌሙን ዋና ሰው ሲጄን ያውቀዋል። የጌሙን ከተማ የሎስ ሳንቶስን መንገድ ከሰፈሩ መንገድ እኩል የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ደግሞ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ፋይሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ለጓደኛ በቴሌግራም ብትልኩት ዳታ አይጨርስም። ከሁሉም በላይ ውስጡ ይከፈታል። የሰዎቹ ቅርጽ ዲኤፍኤፍ በሚባል ፋይል፣ ቴክስቸራቸው ቲኤክስዲ በሚባል ፋይል ተቀምጧል። ሁሉም በአንድ ትልቅ ማኅደር ታሽገዋል። ሞድ ሎደር የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከጫናችሁ ዋናውን ማኅደር ሳትነኩ የራሳችሁን ሰው ፎልደር ውስጥ አስቀምጣችሁ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ።

የምሠራበት ብሌንደር የሚባል ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ብሌንደር ነፃ ነው። ነፃ የሆነበትን ታሪክ ደግሞ እወደዋለሁ። የሠራው ድርጅት ሲዘጋ፣ ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል ከባለሀብቶቹ ላይ ኮዱን ለማስለቀቅ 100,000 ዩሮ ከሕዝብ ለመሰብሰብ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሰባት ሳምንት ገንዘቡ ሞላ። ዶላር መክፈያ ካርድ ለሌለው አገር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚያን የማላውቃቸውን ሰዎች በልቤ አመሰግናለሁ። ለሳን አንድሪያስ ፋይሎች ድራጎን ኤፍኤፍ የሚባል ተጨማሪ አለ፤ ብሌንደር ላይ ሲጫን ዲኤፍኤፉን ያስገባል፣ ያወጣል።

አሁን ወደ ትከሻው እንምጣ።

ቅርጹ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ የትኛውን አጥንት እንደሚከተል ይነገረዋል። ይህ ዌይት ይባላል። አንድ ነጥብ እስከ አራት አጥንት ሊከተል ይችላል፤ ግማሽ ለክንድ፣ ግማሽ ለደረት ብላችሁ ታካፍሉታላችሁ። ሸሚዝ ላይ ይህ በቶሎ ያልቃል። ብሌንደር ራሱ ገምቶ ይሞላላችኋል፤ እናንተ ብብት አካባቢ ትንሽ ታስተካክላላችሁ፣ አለቀ። ጋቢ ላይ ግን ግምቱ አይሠራም። ኮምፒውተሩ ጋቢውን ለክንዱ ቅርብ ሆኖ ስላገኘው ለክንዱ ይሰጠዋል። ሰውየው መራመድ ሲጀምር ጋቢው ከክንዱ ጋር እንደ ክንፍ ይርገበገባል።

ስለዚህ ሰው ማየት ያስፈልጋል። እኔ የማየው እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አዛውንቶችን ነው። ጋቢውን አጣፍተው ጫፉን በግራ ትከሻ ወደ ኋላ የጣሉትን። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሲራመዱ ጨርቁ አይወዛወዝም። የግራ ክንዳቸው ከሥር ይንቀሳቀሳል፤ ከላይ የሚታየው ግን ክርናቸው ጋ ጨርቁ ተወጥሮ መልሶ መላላቱ ብቻ ነው። ትከሻ ላይ ያረፈው ክፍል ከትከሻው ጋር ይኖራል። ከኋላ የተንጠለጠለው ጫፍ ጀርባን ይከተላል። ይህን ካያችሁ በኋላ ዌይቱ የት የት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። የኋላው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ለአከርካሪ ይሰጣል። ትከሻው ላይ ያለው ለትከሻ አጥንትና ለአከርካሪ ይካፈላል። ከፊት ያለው ከደረት እስከ ክርን ቀስ እያለ ለግራ ክንድ ይለቀቃል፤ ክርን ላይ እንኳ ከግማሽ አያልፍም። ቀኝ እጅ ነፃ ነው።

ይህን የሚነግራችሁ የቪዲዮ ትምህርት አታገኙም። ስለ ኮት፣ ስለ ጋሻና ጥሩር፣ ስለ ካባ ሳይቀር ሞልቷል። ስለ ጋቢ ግን ትምህርት ቤቱ መንገዱ ነው።

ቀሚስ ሌላ ፈተና ነው። የሳን አንድሪያስ አጽም ለሆድ የራሱ አጥንት አለው። ለቀሚስ ግን አንድም አጥንት የለም። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ የሐበሻ ቀሚስ ከሁለት እግር ሌላ የሚከተለው ነገር የለውም። በመሃል ያለው ጨርቅ ለሁለቱም ጭን እኩል ይሰጣል፤ ወደ ጎን ስትሄዱ ወደዚያው ወገን እግር እየበዛ ይሄዳል። ከላይ ደግሞ ለዳሌ በዛ አድርጎ መስጠት ነው። ስትራመድ ያምራል። ስትሮጥ ግን ቀሚሱ ለሁለት ሊሰነጠቅ ይደርሳል። እኔ የመረጥኩት አካሄዷን ማስተካከል ነው። ጌሙ የእያንዳንዱን መንገደኛ አካሄድ የሚወስንበት ተራ የጽሑፍ ፋይል አለው። እዚያ ላይ የአሮጊት አካሄድ፣ የሽማግሌ አካሄድ፣ የወፍራም ሰው አካሄድ የሚል አለ። አንዲት ቃል ስትቀይሩ ሴትየዋ ረጋ ብላ ትሄዳለች፤ ቀሚሷም ይታዘዛታል።

ቅርጹ ካለቀ በኋላ ቀለም ይመጣል። የኛን ልብስ ለሚሠራ ሰው ከባዱ ቀለም ነጭ ነው።

ሳን አንድሪያስ እንደ ዛሬ ጌሞች ብርሃን እጥፋት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አያሰላም። እጥፋቱም፣ ጥላውም፣ ብርሃኑም ቴክስቸሩ ላይ መሳል አለበት። ንጹሕ ነጭ ከቀባችሁ ከዚያ በላይ የሚያበራበት ቦታ የለም። የቀትር ፀሐይ ሲመታው ሰውየው ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ መነሻው ነጭ መሆን የለበትም። የጥጥ ቀለም ነው የምነሳበት፤ ትንሽ ቢጫ የነካው፣ ከነጭ በግልጽ የደበዘዘ። ንጹሑን ነጭ ለትከሻ ጫፍና ለእጥፋት አናት ብቻ አስቀምጠዋለሁ።

እጥፋቱን ራሱ ብሌንደር ያግዛል። አራት ማዕዘን ጨርቅ ትሠሩና ሰውየው ትከሻ ላይ ትለቁታላችሁ፤ እንደ እውነተኛ ጨርቅ ወድቆ ያርፋል። የጨርቁን ክብደትና ድርቀት መንገር ግን የእናንተ ድርሻ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ይከብዳል፣ እጥፋቱ ጥቂትና ወፍራም ነው። ነጠላ ስስ ነው፤ እጥፋቱ ብዙና ቀጭን፣ ከሥሩ ያለው የቀሚስ ቀለም እንኳ በትንሹ ያሳልፋል። ሁለቱን በአንድ ልክ ከጣላችሁ ጋቢው አንሶላ ይመስላል። ጨርቁ ካረፈ በኋላ በእጥፋቶቹ መሃል የሚያድረው ጥላ ተሰልቶ ቴክስቸሩ ላይ ይታተማል። ቤክ ማድረግ ይሉታል። ከዚያ በላይ በእጅ ይቀባል።

ጥለቱ ላይ ስደርስ ግን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ።

የማውቃቸው ሸማኔ አሉ። ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን አስገብተው ይሠራሉ። ላፕቶፑን ከፍቼ ጋቢ ለባሹን ሰውዬ አሳየኋቸው። አዙረው አዙረው አዩት። «አንተ፣ ይሄ ሰውዬ ይሄዳል?» አሉ። አስኬድኩላቸው። ሳቁ። ከዚያ የጠየቅኳቸውን መለሱልኝ።

«ጋሼ፣ ጥለቱ ከዳር እስከ ዳር እንዴት ነው አንድ ዓይነት የሚሆነው? በዓይን ለክተው ነው?»

«ኧረ በዓይን አይሆንም ልጄ። ድሩን እቆጥራለሁ። ቆጥሬ እገባለሁ፣ ቆጥሬ እወጣለሁ። አንዷን ድር ብስት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየሁ። ድሩ ከፊታቸው ተወጥሯል። በጣታቸው ጥቂት ድር ያነሳሉ፣ ቀዩን ክር በሥሩ ያሳልፋሉ፣ ይለቃሉ። ቀጥሎ አረንጓዴውን። ከዚያ መወርወሪያው በነጩ ማግ ይሻገራል። በዚህ ሥራ ውስጥ ክብ መስመር የለም፤ ክብ የሚመስለው ሁሉ ደረጃ በደረጃ ተቆጥሮ የወጣ ነው። ፒክስልም፣ ማለትም የኮምፒውተር ሥዕል የሚሠራባት ትንሿ ነጥብ፣ የምትሄደው እንዲሁ ነው። የጥለቱን ፎቶ አሳንሼ መለጠፍ አያስፈልገኝም ማለት ነው። እሳቸው እንደሚሠሩት ቆጥሬ ልሠራው እችላለሁ። አንዷን የአልማዝ ቅርጽ ድሯን እየቆጠሩ አስረዱኝ፤ እኔም በካሬ ወረቀት ላይ ገለበጥኳት።

አንድ ጣጣ ግን ቀርቶ ነበር። ቴክስቸሩ ሲታሸግ ሥዕሉ 4 በ4 ፒክስል ወደሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል። ለአንዱ ካሬ ሁለት ቀለም ብቻ ይመዘገብለታል፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ ከሁለቱ ድብልቅ ይወጣሉ። ለ16 ፒክስል አራት ቀለም፣ ያውም ዘመዳሞች። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ 512 በ512 የሆነ ሥዕል ሳይታሸግ 1 ሜጋባይት የሚይዘው በዚህ መንገድ 128 ኪሎባይት ይሆናል። ለአስፋልትና ለግድግዳ ይበቃል። ጥለት ላይ ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ አንድ ካሬ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ይሞታል፣ ሌሎቹም ይደፈርሳሉ።

መፍትሔው እዚያው ቆጠራው ውስጥ ነበር። ጥለቱን በአራት በአራት ፒክስል ቆጥሬ ሠራሁት። አንዱ ካሬ ቀይና ነጭ ብቻ፣ ቀጣዩ አረንጓዴና ነጭ ብቻ እንዲይዝ አደረግኩ። ሁለት ባለቀለም ክሮች አንድ ካሬ ውስጥ አይገናኙም። ሲታሸግ አንዲት ፒክስል አልደፈረሰችም። ለሸማኔው ሄጄ ሳሳያቸው ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አቅርበው በጣታቸው ቆጠሩት። ትክክል ነበር።

ይህን ያህል መድከም ለምን? ሎስ ሳንቶስ ውስጥ በመኪና እየበረረ የሚያልፍ ተጫዋች ጥለቱን አያየውም ይሉኛል። ያየዋል። የሚያውቀው ሰው ያየዋል። ሳያስበው ያየዋል። ልብሳችን ይናገራላ! አንዲት እናት ነጠላዋን ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊቷ አድርጋ ካዘቀዘቀችው ሐዘን ላይ ናት። ወገቧ ላይ ካደገደገች እያስተናገደች ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መስቀለኛ ታጣፋዋለች። ቴክስቸር ስትዘረጉ አንዱን ክፍል ላይ ታች ማገላበጥ የተለመደ ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ ሁሉም ያደርገዋል። ነጠላ ላይ ይህን ስታደርጉ ግን ገበያ የምትሄደውን ሴት ለቅሶ ላካችኋት። የውጭ አገር ሰው የሠራው ሞዴል ላይ ይህ ቢያጋጥመኝ አይከፋኝም። የኛ ልጅ ሲሠራው ግን ማወቅ አለበት እላለሁ። እኔ ሁለቱንም ዓይነት ለይቼ ሠርቻለሁ፤ ያዘቀዘቁት እናቶች የሚታዩት ጌሙ ውስጥ ባለው መቃብር አካባቢ ብቻ ነው።

ፊት ላይ የምለው አጭር ነው፤ ቁጭት ግን አለበት። የኮምፒውተር ግራፊክስ ተመራማሪው ቴዎዶር ኪም እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ዘርፉ «የሰው ቆዳ» ሲል የነጭን ቆዳ፣ «የሰው ፀጉር» ሲል ዘርፋፋ ፀጉርን ይዞ እንደቆየ በግልጽ ጻፈ። እሱ የሚያወራው በሆሊውድ ደረጃ ስላለው ቴክኖሎጂ ነው። ነገሩ ግን እኔ ጋም ይደርሳል። በነፃ የምታወርዱት የፊት ቴክስቸር ብዙውን ጊዜ የነጭ ፊት ነው፤ ለጥቁር ሰው ይሁን ሲባል ቀለሙ ይጠቆራል። በዚህ መንገድ የወጣ ፊት አመድ የነፋበት ይመስላል። ጠይም ቆዳ ጥላው ጥቁር አይደለም፤ ወደ ቀይ ቡና ያደላል። ግንባርና ጉንጭ ላይ የሰማዩን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፤ እዚያ ጋ ሰማያዊ ጠብ ማድረግ ፊቱን ሕያው ያደርገዋል። የጣት አንጓ ይጠቁራል፣ መዳፍ ይቀላል፣ የመዳፍ መስመሮች ደግሞ መልሰው ይጠቁራሉ። ይህን ከነጭ ፊት ላይ ቀለም በመቀየር አታገኙትም። ከባዶ መቀባት ነው።

ፎቶ ለማንሳት ክረምት ይመረጣል። በበጋ የአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ ትቆምና ዓይን ሥር ጉድጓድ ታወጣለች። ያ ጥላ ቴክስቸሩ ላይ ከገባ ሌሊትም ቀንም ከሰውየው ፊት አይለቅም። በሐምሌ ሰማዩ በሙሉ ደመና ሲሆን ብርሃኑ ከሁሉም ወገን እኩል ይመጣል። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ በረንዳ ላይ ማንሳት ነው። ሰው ሲነሳ ደግሞ ለምን እንደሆነ ይነገረው። ፊታቸው ጌም ውስጥ እንደሚገባ፣ ያ ጌም ደግሞ ጥይትና ግጭት ያለበት እንደሆነ ሳልናገር የማንንም ፊት አልጠቀምም። አንዲት የሰፈራችን እናት «እኔን ሰው የሚገጨኝ ከሆነ ይቅርብኝ» አሉኝ። ቀረ። እጃቸውን ግን ፈቀዱልኝ፤ የሠራኋቸው አሮጊቶች ሁሉ መዳፍ የሳቸው ነው።

ሹሩባ ብዙ አላስቸገረኝም። ጭንቅላቱ ላይ ተጣብቆ የሚሄደው ጉንጉን ይሳላል፤ ከማጅራት በታች የሚበተነው ክፍል ብቻ ለብቻው ቅርጽ ይፈልጋል። የጉንጉኑ አቅጣጫ ከግንባር ወደ ኋላ መሄዱን ካልዘነጋችሁ ይሳካል።

አሁን የያዝኩት ዱላ ነው። ጌሙ ውስጥ ከዘራ የሚመስል ነገር ከመሣሪያዎቹ መሃል አለ፤ ቅርጹን በኛ ከዘራ ቀይሬዋለሁ። እኔ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ዱላውን አግድም ትከሻው ላይ አሳርፎ፣ ሁለት እጁን በላዩ ጥሎ የሚሄድ የባላገር ሰው። ለዚህ አዲስ እንቅስቃሴ መሥራት ግድ ነው፤ ምክንያቱም የጌሙ አካሄዶች በሙሉ እጅ ያወዛውዛሉ። እጅ ዱላው ላይ ሲታሰር ሚዛኑን የሚጠብቀው ወገብ ነው። ወገቡ ምን ያህል እንደሚዞር፣ ዱላው ከየትኛው እግር ጋር ወደየት እንደሚያዘነብል ገና እያጠናሁ ነው። ጎጃምም ሆነ ወሎ፣ ሸዋም ሆነ ጎንደር፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ እንዲህ ሲሄዱ በስልክ የቀረጻችሁት ካለና እሳቸውም ከፈቀዱ ላኩልኝ። ከጎንና ከኋላ የተቀረጸ ይሻለኛል፤ ፊት ባይታይም ችግር የለውም።